ሰባት የሽቦ እግሮች

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ልጄ ሌንሳ በሩን በእግሯ ገፋ አድርጋ ገባች። በሁለት እጇ አውሮፕላኗን አቅፋለች። ፊቷን ከማየቴ በፊት የአውሮፕላኗን ሆድ አየሁ። የግራው እግር የለም።

«ደግሞ?» አልኳት።

«ደግሞ» አለች። «ስታርፍ ድንጋይ መታት።»

የተሰበረውን እግር ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችኝ። ሰባተኛው ነበር። ስድስቱን በባዶ የወተት ጣሳ ውስጥ አስቀምጫቸዋለሁ፤ ከስህተቴ እማር እንደሆነ ብዬ።

አውሮፕላኗ ከፎም የተሠራች፣ ክንፏ ከክንዴ የሚረዝም፣ በሪሞት የምትበር ናት። የእኛ አይደለችም፤ የክበቡ ናት። ክበቡ በየቅዳሜው ከአቃቂ በሰቃ ሰፈር ወዲያ ካለው ሜዳ ላይ ወጣቶችን ማብረር ያስተምራል። አንድ ልጅ በወላጁ ፊርማ አንድ አውሮፕላን ይወስዳል። በስምንተኛው ሳምንት፣ እሑድ አምስት ሰዓት ላይ፣ ፈተና አለ። ሦስት ጊዜ አስነሥቶ ሦስት ጊዜ በጎማው ያሳረፈ ልጅ ወደ ዋናው ስልጠና ያልፋል። ሌንሳ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። አባቷ ሮቤራ ከሞተ ወዲህ «ይህን እፈልጋለሁ» ብላ የጠየቀችኝ ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ነው።

የፈረምኩት እኔ ነኝ። እስከ አምና ድረስ ፊርማዬ አውራ ጣቴ ነበር። ስሜን መጻፍ ያስተማረችኝ ሌንሳ ናት፤ በሷ ድፍረት አግኝቼ ነው የጎልማሶች ትምህርት የተመዘገብኩት። የክበቡ አሰልጣኝ ጌዲዮን ለጣቴ ቀለም ሊፈልግ ሲነሣ «ተወው ልጄ፣ እጽፋለሁ» አልኩት። ዳሲቱ ጂራታ። የመጨረሻዎቹ ፊደላት መስመሩን አልፈው ወጡ እንጂ ጻፍኩት። ሌንሳ ክንዴን ቆንጠጥ አደረገችኝ፤ ደስ ሲላት እንደዚያ ታደርጋለች።

ቀኑን ያኔ ልብ አላልኩትም። የእኔም ፈተና በዚያው እሑድ ሆኖ ተገኘ፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት። ያለፈ ወደ ሁለተኛው የጎልማሶች ትምህርት ደረጃ ይሻገራል፤ የቀረ ዓመት ይጠብቃል።

እኔ ቃሊቲ የፍራሽ ሞላ በሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ አሥራ ስድስት ዓመት ሽቦ ስጠመዝዝ ኖሬአለሁ። ፊደል ከመለየቴ በፊት ሽቦ እለይ ነበር። የመጀመሪያው ቅዳሜ ከአውሮፕላኗ ጋር የመጣው እግር ወደ ኋላ ተጣጥፎ፣ ከሆዷም የታሰረበትን የኮምፔርሳቶ እንጨት ቁራጭ ነቅሎ ሲመጣ «ይህ የኔ ሥራ ነው» አልኳት። አላቀናሁትም። ብረት አንዴ ከታጠፈ ያችን ቦታ አይረሳም፤ ብታቀናው በሚቀጥለው እዚያው ላይ ይሰበራል። ከሞላ ሽቦ አዲስ ሠራሁላት። ከጉልበቱ ላይ አንድ ዙር ጠመዘዝኩለት፤ መሬት ሲመታው ዙሩ ይዋጥለት ብዬ። የተነቀለውን ሆዷንም በኮላ ደፈንኩት።

ሜዳ ላይ ሽቦው ቢጣመምባትስ ብዬ ፒንሳዬንም ሰጠኋት። ፒንሳው የሮቤራ ነው፤ ከባቡር ጥገና ክፍል ሲሰናበት ይዞት የወጣ። ጥርሱ አንድ ቦታ ላይ ተሸርፏል። የቆረጠው ሽቦ አፍ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች መስመር ትቀራለች፤ በጣት አትታወቅም፣ አስጠግቶ ላየ ግን አለች። ሮቤራ «ማኅተሜ ናት» ይል ነበር።

በሁለተኛው ቅዳሜ እግሩም ተሰብሮ ፒንሳውም ጠፍቶ መጣ። ሌንሳ ትንፋሽ እስኪያጥራት አለቀሰች። «ብረት ነው፤ ብረት ይተካል፤ ዋናው አንቺ» እያልኩ እኔው አባበልኳት።

ከዚያ ወዲህ እግሩን በብሎን ማሰር ተውኩ። የብስክሌት ካላማዳሪ፣ የውስጡን ጎማ፣ በቀጭን በቀጭኑ እንደ ቀለበት ቆርጬ እግሩን ከሆዷ ጋር በላስቲኩ አሰርኩት። ክፉኛ ሲመታ እግሩ ተንሸራቶ ይውለቅ እንጂ ሆዷን ይዞ እንዳይሄድ ብዬ ነው። ሰው ሲደናቀፍ እግሩ ከሚሰበር ጫማው ቢወልቅ ይሻላል። ያም ሆኖ በሚቀጥለው ቅዳሜ ተሰብሮ መጣ። በሚቀጥለውም። ሽቦውን አወፈርኩት፤ ተሰበረ። አቀጠንኩት፤ ተሰበረ። ፋብሪካ ውስጥ እጄ ሞላ እየጠመዘዘ ልቤ እዚያ ትንሽ እግር ላይ ነበር። በቀን አምስት መቶ ሞላ የሚያልፍበት እጅ ለገዛ ልጁ ሁለት እግር እንዴት ያቅተዋል? ለዚህ ስል ሁለት እሑድ ከትምህርቴ ቀረሁ። የተማሩትን ያመጣችልኝ ዓሊያ ናት።

ዓሊያ ክፍል ውስጥ ከአጠገቤ ነው የምትቀመጠው። በሰቃ ውስጥ ክር፣ ቁልፍና ዚፕ የምትሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለቻት። ሰኞ ሰኞ ማታ ትምህርት ላይ ስንገናኝ ከሰላምታ በፊት «እግሩስ? ቆመ?» ትለኛለች። እኔም ካላማዳሪው ሳይቀር አንድ በአንድ እነግራታለሁ። ትሰማኛለች። ጓደኛዬ ናት።

ሰባተኛው እግር በመጣበት ቅዳሜ ማታ መብራት ጠፋ። ሌንሳ በጨለማው ውስጥ «ተይው እማ» አለችኝ። «ነገ አይደርስም። አንቺ ፈተናሽን ሂጂ። እኔ ለሌላ ዙር እመዘገባለሁ።»

«ሌላ ዙር መቼ ነው?»

«እንጃ። ይኖራል።»

«‹እንጃ› ብሎ ነገር የለም። ጠዋት እሠራዋለሁ።»

«እማ፣ በናትሽ፣ ፈተናሽ...»

«የኔ ዓመት ቢጠብቅ ምን ይሆናል? እስከ ዛሬ ስንቱን ዓመት ጠብቄ የለ?»

ወደ ግድግዳው ስትገላበጥ ሰማሁ። ልቧ በእኔ ተነካ ብዬ አሰብኩ።

ጠዋት ማልዳ ወጣች፤ ጌዲዮን እንዲጠብቃት ልትነግረው እንደሆነ ነግራኝ። እኔ ሽቦ የምይዝበትን ሞርሳ ከበርጩማው ጋር አስሬ ሥራ ጀመርኩ። ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ዓሊያ ደብተሯን በፌስታል ይዛ መጣች።

«አንቺ ሴትዮ! ገና በቤት ቀሚስ ነሽ?»

«እግሩ ተሰብሮባታል። አምስት ሰዓት ላይ ፈተናዋ ነው።»

አውሮፕላኗን አየች። እኔን አየች። «የዛሬውን ልትቀሪ ነው?»

«አንቺ ጥያቄውን ትነግሪኛለሽ።»

«ጥያቄው ዓመት ሙሉ ምን ይሠራልሻል? ልትቀቅዪው ነው? ተነሽ ዳሲ። ሽቦ ነው እኮ፣ ሰው አይደለም።»

«ሂጂ ይረፍድብሻል።»

አልሄደችም። በሩ ላይ ቆማ የሻርፗን ጫፍ በጣቷ ትጠመዝዝ ጀመር። አፏን ከፈት አድርጋ መልሳ ዘጋችው። የምትለው ነገር እንዳለ አወቅኩ፤ ፈተናውን ፈርታ መሰለኝ።

«አይዞሽ፣ ታልፊያለሽ» አልኳት።

ሄደች።

እግሩን ጠመዘዝኩ። ከሠራኋቸው ሁሉ አስበልጬ የሠራሁት ያን ጠዋት ነው። ጎማውን ከድሮው እግር አውልቄ ወደ አዲሱ ሳስገባ አንድ ነገር ቆረቆረኝ። ጎማው ንጹሕ ነው። የዚያ ሜዳ አፈር ጥቁር ነው፤ ሲደርቅም እንኳ ጫማ ይዞ ቤት ይገባል። እዚህ ጎማ ላይ ግን አንድ የሣር ስንጥር የለም። ‹አጥባው ይሆናል› አልኩ። ከዚያ የተሰበረውን ሽቦ ወደ ብርሃን ይዤ ወጣሁ። የተሰበረ ሽቦ አፉ ሻካራ ነው። የዚህ አፍ ከግራና ከቀኝ ተጨፍልቆ ያበራል። ጣሳውን ገልብጬ ሁሉንም በር ላይ ደረደርኳቸው። የመጀመሪያው ብቻ ወደ ኋላ ታጥፎ የተሰበረ ነው። ስድስቱ በፒንሳ ተነክሰው የተቆረጡ ናቸው።

በልጄ የሚቀና ሰው አለ! ከክበቡ ልጆች አንዱ በየሳምንቱ እግሯን እየቆረጠ ሊጥላት ነው፤ እሷም የዋህ ናት፣ ድንጋይ መታት ብላ ታምናለች። ሰዓቱን አየሁ። ለአራት ሰዓት ሩብ ጉዳይ። የእኔ ፈተና ተጋምሷል። ላስቲኩን አጥብቄ አሰርኩ፣ ጣሳውን በፌስታል ከተትኩ፣ አውሮፕላኗን አቅፌ ወደ ሜዳው ወጣሁ።

ሜዳው ላይ አሥራ አምስት የሚሆኑ ልጆች ነበሩ። ሌንሳን በዓይኔ ፈለግኳት፤ አጣኋት። ጌዲዮን ሲያየኝ ሮጥ ብሎ መጣ።

«እማማ! ተሻለዎት እንዴ?»

«ከምኑ?» አልኩትና መልሱን ሳልጠብቅ ጣሳውን አፈሰስኩለት። «እየው! እየው ልጄ! ይህ በማረፍ የተሰበረ አይደለም። ከነዚህ ልጆች ውስጥ የልጄን እግር የሚቆርጥ አለ። እኔ ሽቦ አውቃለሁ፤ አሥራ ስድስት ዓመት እንጀራዬ ነው!»

ልጆቹ ተሰበሰቡ። ጌዲዮን አላቃለለኝም። አንዱን ሽቦ አንሥቶ በስልኩ ካሜራ አጉልቶ አየው። «እውነትዎን ነው፤ ተቆርጧል» አለ። ቀጥሎ ግን ግንባሩን ኮስተር አደረገ። «እማማ፣ ይሄ ሁሉ የሌንሳ ነው?»

«የማን ይሆናል ታዲያ? ትናንት እንኳ ከዚህ ይዛ መጣች።»

ከልጆቹ አንዷ «ትናንት?» አለች። «እኛ እኮ ሌንሳን ካየናት ቆየን።»

ጌዲዮን በእጁ ዝም አሰኛት። «ሌንሳ ካቆመች አምስት ሳምንት አልፏታል» አለኝ ቀስ ብሎ። «ደብዳቤዎ ደርሶናል። ልንጠይቅዎ ሁለቴ ተነሥተን ነበር። እሷ ሰው ማየት አይፈልጉም ስላለችን ነው የተውነው። አውሮፕላኑንም እስኪያገግሙ ብለን...»

«የምን ደብዳቤ?»

ከመኪናው ውስጥ ፋይል አምጥቶ አንድ ወረቀት ሰጠኝ። «ላንብብልዎት?»

«አነባለሁ።»

ጣቴን ከመጀመሪያው ቃል ሥር አስቀመጥኩ። ‹እኔ ወይዘሮ ዳሲቱ ጂራታ በጠና ስለታመምኩና የምታስታምመኝ ልጄ ሌንሳ ሮቤራ ብቻ ስለሆነች ከክበቡ እንድትሰናበትልኝ እጠይቃለሁ። አውሮፕላኑን ሲሻለኝ እመልሳለሁ።› ከሥሩ ስሜ አለ። የመጨረሻዎቹ ፊደላት መስመሩን አልፈው ወጥተዋል፤ ልክ እንደኔ። እጄን ይዛ ያስተማረችኝ ልጅ ስህተቴን ሳይቀር አጥንታዋለች።

የጌዲዮን ስልክ ገና ሽቦውን አጉልቶ እንደያዘ ነበር። በሚያበራው አፍ መሃል ላይ አንዲት መስመር ትታያለች፤ እንደ ፀጉር የቀጠነች። የሮቤራ ማኅተም።

ፒንሳው አልጠፋም ነበር።

የት እንደተቀመጥኩ አላስታውስም፤ አንድ ልጅ ውኃ ሰጠኝ። ጌዲዮን አጠገቤ ቁጢጥ አለ። የሆነውን ተረድቶታል። አዲሱን እግር በጣቱ ጫን ጫን እያደረገ «ይሄን ማን ሠራው?» አለ።

«እኔ።»

«ልሞክረው?»

እጄን አወዛወዝኩ፤ እንደፈለግህ ለማለት። አስነሣት። በሜዳው ላይ ሁለት ጊዜ ዞረች። ስትወርድ ነፋስ ገፋትና በአንድ ጎኗ ሄዳ መሬቱን መታች፤ ላስቲኩ ተለጠጠ፣ ዙሩ ዋጠው፣ ጎማዎቹ ጥቁሩን አፈር ይዘው ቀጥ ብለው ሮጡ። ልጆቹ አጨበጨቡ። ሰባት ሳምንት የጠበቅኩት ጭብጨባ ነበር። የመመለሻው ወረቀት ላይ ስሜን ጻፍኩና አውሮፕላኗን እዚያው ትቼ ሄድኩ። ደብዳቤውን ግን አጥፌ ያዝኩ።

ቤት መግባት አቃተኝ። ሆዴን የምገልጥለት ሰው ሳስብ የመጣልኝ ዓሊያ ናት። ‹ፈተናውን ጨርሳ ሱቅ ትሆናለች፤ እዚያ ሄጄ አለቅሳለሁ› አልኩ። መንገዱን ሁሉ የምነግራትን እያሰብኩ ሄድኩ።

የሱቁን መጋረጃ ስገልጥ ሌንሳ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷ ላይ አንድ የቆዳ ቦርሳ አስቀምጣለች። የተበላሸ ዚፕ ታወልቃለች። የምታወልቅበት የአባቷ ፒንሳ ነው። ዓሊያ ከጎኗ ቆማ ቦርሳውን ይዛላታለች።

ዓሊያ ቦርሳውን ለቀቀችው።

«ፒንሳው ተገኘ?» አልኩ።

«እማ...»

ደብዳቤውን ቦርሳው ላይ አስቀመጥኩላት። «አንብቢልኝ።»

«እማ፣ በአባዬ...»

«አባትሽን እዚህ አታምጪው። አንብቢ።»

«እኔ ወይዘሮ ዳሲቱ ጂራታ በጠና ስለ...» እዚያ ላይ ድምፅዋ ተቆረጠ። ጠበቅኳት። ወረቀቱን መልሳ አጠፈችው።

«ሳቁብኝ» አለች በመጨረሻ። «ያንቺን እግር ያደረግኩለት ቀን፣ ስታርፍ እንደ ኳስ ነጥራ ተገለበጠች። እግሯ የፍራሽ ሞላ መሆኑን አይተው ‹የአልጋ አውሮፕላን› አሉኝ። እኔንም ‹አልጋ› ብለው ጠሩኝ። ‹አልጋ መጣች፣ አንጥፉላት› ይላሉ። ድጋሚ መሄድ አልቻልኩም።»

«ነጠረብኝ ብትዪኝ አስተካክለው አልነበር?»

«ደስ ብሎሽ ነበር እኮ! አባዬ ከሞተ ወዲህ ሥራ ስትሠሪ ስታንጎራጉሪ የሰማሁሽ ያኔ ነው። እንዴት ልበልሽ?»

«ስለዚህ በየሳምንቱ ቆረጥሽልኝ።»

«እንድትሠሪ ብዬ» አለች። ድምፅዋ በጭንቅ ይሰማ ነበር። «ትናንት ደግሞ ካልደረሰ ትተይዋለሽ፣ ፈተናሽን ትሄጃለሽ ብዬ።»

ወደ ዓሊያ ዞርኩ።

«እያለቀሰች መጣችብኝ» አለች ዓሊያ። «‹ዝም በይ፣ ስምንት ሳምንት ምን አላት፣ ያልፋል› ያልኳት እኔ ነኝ። ደብዳቤውን አላየሁም፤ አላህ ያውቃል። እዚህ እየዋለች ዚፕ ስትጠግንልኝ ከመንገድ ይሻላል አልኩ። ክፉ አላሰብንም ዳሲ።»

«ሰኞ ሰኞ ‹እግሩስ? ቆመ?› ትዪኝ ነበር።»

መሬት አየች።

«ካላማዳሪውን ስነግርሽ ትሰሚኝ ነበር።»

«ምን ልበልሽ?»

«ዛሬ ጠዋት በሬ ላይ ቆመሽ ነበር።»

«ቆሜ ነበር።»

«አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር። ደብተሬን ይዤ እከተልሽ ነበር።»

«ከአፌ አልወጣም» አለች።

«ፈተናውን ሠራሽ?»

«ሠራሁ።»

አምስት ሳምንት ሙሉ እንደ በሽተኛ ይዘውኝ ኖረዋል። ምስጢር እንደሚደበቅበት፣ መጫወቻ እየተሰጠው እንደሚቀመጥ በሽተኛ። ደብዳቤው ላይ ያለው ውሸት ቤቴ ውስጥ እውነት ሆኖ ነበር፤ ሳላውቀው የታመምኩት እኔ ነኝ።

እጄን ዘረጋሁ። ሌንሳ ፒንሳውን ሰጠችኝ። ብረቱ በእጇ ሙቀት ሞቋል።

ወጣሁ። ዓሊያ ስሜን ጠራች፤ አልዞርኩም። ትንሽ ቆይቶ የሌንሳን ጫማ ከኋላዬ ሰማሁ። ስፈጥን ትፈጥናለች፣ ስዘገይ ትዘገያለች።

ዋናው መንገድ ጋ ስደርስ የጭነት መኪኖቹ እንደ ወትሮው ተከታትለው ይበራሉ። እዚያ መንገድ ላይ ሹፌር ለሰው አይቆምም። ሌንሳ አንደኛ ክፍል ከገባችበት ቀን ጀምሮ እዚያ ቦታ ላይ እጇን ሳልይዝ ተሻግሬ አላውቅም። ካደገች በኋላ እንኳ «እማ፣ ሰው ያየናል» እያለች፣ እኔ እየያዝኳት።

በደንብ ልሻገርበት የምችል ክፍተት መጣ። አልተሻገርኩም። ጥላዋ ከጥላዬ አጠገብ እስኪደርስ ፊቴን ሳላዞር ቆምኩ። ከዚያ ግራ ቀኙን ለሁለታችንም አይቼ ተራመድኩ፤ እሷም ከጎኔ ተራመደች። መሃል መንገድ ላይ እጇ እጄን ሲፈልግ ተሰማኝ።

እሷን የምይዝበት እጄ ፒንሳውን ጨብጦ ነበር።